በመካከላችን የሚደክሙትን ማወቅ፦ ስለ መጋቢዎችና ስለ ቤተ ክርስቲያን ሠራተኞች ከሜቶዲስቶች ልምድና ከሐርቡ

መግቢያ

ሐርቡ ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ የምትገኝ፣ በቃሉ ወረዳ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም ነው፤ ወንጌላውያን አማኞች በቁጥር ጥቂት ናቸው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከተማሪዎቼ አንዱ ለአገልግሎት ልምምድ ወደዚያ ተመድቦ ነበር። በየወሩ ሪፖርት ይልክልኛል፤ ስንት ጊዜ እንደ ሰበከ፣ ስንት ቤት ሄዶ እንደ ጸለየ፣ ለስንት ሰው የደቀ መዝሙርነት ትምህርት እንደ ሰጠ ይዘረዝራል። እኔም ሪፖርቱን አንብቤ ውጤት ሰጠሁት። ውጤቱም ጥሩ ነበር።

የልምምዱ ጊዜ ሲያበቃ ለሽኝቱ ወረድሁ። ምእመናኑ ተራ በተራ እየተነሡ አመሰገኑት፤ ሁሉም የተናገሩት ስለ ስብከቱ ነበር። በመጨረሻ የግቢው ጥበቃ፣ ሁሉም “ጋሼ” የሚሏቸው አዛውንት፣ ሳይጠሩ ተነሡ። “ይህ ልጅ ሦስት ጊዜ ወባ ይዞት እየተንቀጠቀጠ ነው የሰበከላችሁ። መድኃኒት መግዣ አልነበረውም። ራቱንም የሚበላው ከእኔ ጋር ነበር” አሉና ተቀመጡ። ቤቱ ጸጥ አለ። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ፤ እኔም እንደዚያው። ሪፖርቱን ያነበብሁት እኔ፣ አንድም ቀን “የት ታድራለህ? ምን ትበላለህ?” ብዬ አልጠየቅሁትም ነበር። ጋሼንም ቢሆን ከዚያ በፊት በበሩ ስገባና ስወጣ ሰላም ከማለት በቀር አላውቃቸውም።

ይህ ጽሑፍ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲያስጨንቀኝ የኖረ ጥያቄ ውጤት ነው። አገልጋዮቻችንን እናውቃቸዋለን ስንል ምን ማለታችን ነው? ማዕረጋቸውንና ድምፃቸውን ነው ወይስ ድካማቸውን? ለዚህ መልስ ፍለጋ መጀመሪያ የመጽሐፍ ቅዱስን አሳብ እንመለከታለን፤ ቀጥሎ ስለ አገልጋዮች አደረጃጀት ብዙ ያሰቡትን የሜቶዲስቶችን ልምድ፣ በመጨረሻም የራሳችንን ሀገር ታሪክ እንቃኛለን።

1. ጳውሎስ “እወቁ” ሲል

ጳውሎስ በ1ኛ ተሰሎንቄ 5፥12-13 ምእመናንን የሚለምነው በመካከላቸው የሚደክሙትን እንዲያውቁ ነው። አንዳንድ ትርጉሞች ይህንን ቃል “አክብሩ” በማለት ይፈቱታል፤ ትርጉሙም ስሕተት የለበትም። ነገር ግን የግሪኩ ግሥ “ኦይዳ” በመሠረቱ ማወቅን ያመለክታል። አክብሮቱ የሚመነጨው ከማወቁ ነው። ሳያውቁ የሚያከብሩት ሰው የሚከበረው በወንበሩ ነው፤ ወንበሩን በለቀቀ ማግስት አክብሮቱም ይቀራል።

ሁለተኛው ትኩረት የሚሻ ቃል “መድከም” ነው። “ኮፒያኦ” የተባለው ይህ ግሥ ላብ የሚያፈስስ፣ ሰውነት የሚያዝል ሥራን ይገልጻል። ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 4፥12 በገዛ እጁ ስለ መሥራቱ ሲናገር የተጠቀመው ይህንኑ ቃል ነው። እንግዲህ እንድናውቅ የታዘዝነው ከመድረክ የሚታየውን ስጦታ ብቻ አይደለም፤ ከመድረክ በስተ ጀርባ ያለውንም ድካም ጭምር ነው።

ሮሜ ምዕራፍ 16 ይህን በተግባር ያሳየናል። ብዙዎቻችን የስም ዝርዝር ነው ብለን የምናልፈው ይህ ምዕራፍ ጳውሎስ የሥራ ባልደረቦቹን ምን ያህል ያውቃቸው እንደ ነበር ይመሰክራል። ፌቤን በክንክራኦስ ያለች ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ናት፤ ጵርስቅላና አቂላ ስለ እርሱ ነፍሳቸውን ለአደጋ ሰጥተዋል፤ ማርያና ጠርሲዳ በድካማቸው ይመሰገናሉ፤ ጤርጥዮስ የመልእክቱ ጸሐፊ ነው፤ ጋይዮስ ቤቱን ለቤተ ክርስቲያን የከፈተ አስተናጋጅ ነው። ሰባኪው፣ ጸሐፊው፣ አስተናጋጁ ሳይባል ሁሉም በስማቸው ተጠርተዋል፤ ብዙዎቹም የሠሩት ሥራ ከስማቸው ጎን ተጽፏል። ጳውሎስ ዛሬ ወደ ሐርቡ ቢጽፍ ኖሮ ጋሼ ከዝርዝሩ የሚጎድሉ አይመስለኝም።

2. ሜቶዲስቶች አገልጋዮቻቸውን ያደራጁበት መንገድ

በሀገራችን “ሜቶዲስት” የሚለው ስም እንደ መካነ ኢየሱስ፣ እንደ ቃለ ሕይወት ወይም እንደ ሙሉ ወንጌል በሰፊው አይታወቅም። ሆኖም ስለ አገልጋዮች አደረጃጀት ለሚያጠና ሰው የሜቶዲስቶች ታሪክ ሊታለፍ አይገባውም። እንቅስቃሴውን የመራው ጆን ዌስሊ (1703-1791 እ.ኤ.አ.) የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ቄስ ነበር። የወንጌል ሥራው በሰፋ ጊዜ ያልተቀቡ ሰባኪዎችን አሰማራ፤ በ1744 እ.ኤ.አ. ደግሞ የመጀመሪያውን ጉባኤ በለንደን ጠራ። ከዚያ በኋላ የአገልጋዮች ምደባ የጉባኤው ሥራ ሆነ።

በዚህ አሠራር አንድ ሰባኪ የአንዲት አጥቢያ ብቻ አይደለም። ብዙ አጥቢያዎች በአንድ የአገልግሎት ቀጣና ይታቀፋሉ፤ ተጓዥ ሰባኪው በፈረስ እየዞረ ያገለግላቸዋል፤ ከዓመት ወይም ከሁለት ዓመት በኋላም ወደ ሌላ ቀጣና ይዛወራል። እርሱ በማይኖርበት ቀን በዚያው አጥቢያ የሚኖር፣ በራሱ ሥራ የሚተዳደር የአጥቢያ ሰባኪ ይሰብካል። ገንዘቡን የሚይዙና ችግረኞችን የሚረዱ ደግሞ ሌሎች መጋቢዎች አሉ።

ዛሬ በዩናይትድ ሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን የጎላው መዋቅር እንዲህ ነው። ጳጳሱ አገልጋዮችን ይመድባል፤ በሥሩ ያለው የበላይ ተቆጣጣሪ ብዙ አጥቢያዎችን ይከታተላል። ሽማግሌ የሚባለው በእኛ አነጋገር ቄስ ነው፤ ቃሉን ይሰብካል፣ ምሥጢራትን ይፈጽማል፣ አጥቢያውን ያስተዳድራል። ዲያቆን የመባል ሹመት ቀድሞ ወደ ሽማግሌነት የሚያሸጋግር ደረጃ ነበር፤ ከ1996 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን ቤተ ክርስቲያንን ከተቸገረው ዓለም ጋር የሚያገናኝ ራሱን የቻለ ቋሚ አገልግሎት ሆኗል። በብሪታንያ ያሉት ሜቶዲስቶች ግን ጳጳስ የላቸውም፤ በዚያ የበላይ ሥልጣን ያለው ጉባኤው ነው።

ከዚህ መዋቅር ውስጥ ለእኛ የበለጠ የሚጠቅመን አንድ ኮሚቴ አለ። በእያንዳንዱ አጥቢያ ከምእመናን የተውጣጡ ሰዎች ከመጋቢውና ከሠራተኞቹ ጋር የሚገናኙበት ኮሚቴ ሲሆን ቢያንስ በሦስት ወር አንድ ጊዜ ይሰበሰባል። ሥራው መጋቢውን መክሰስ አይደለም፤ ስለ ደመወዙ፣ ስለ መኖሪያ ቤቱ፣ ስለ ዕረፍቱ፣ ስለ ትምህርቱና ስለ አገልግሎቱ ፍሬ በግልጽና በምሥጢር መነጋገር ነው። የቢሮ ጸሐፊዋም ሆነች የጽዳት ሠራተኛው ከዚህ ውይይት ውጭ አይደሉም። ጥያቄው የሚቀርበው ሰው ከታመመ ወይም ከተጣላ በኋላ ብቻ አይደለም፤ በቀጠሮ ይጠየቃል።

3. አሥራ ሁለት ሰው የሚያውቅ ሰው

መዋቅር ብቻውን ግን ማወቅን አይፈጥርም። የሜቶዲስቶች ዋና ጥንካሬ በ1742 እ.ኤ.አ. በብሪስቶል ከተማ፣ ማንም ሳያቅደው በዕዳ ምክንያት ተጀመረ። ለጸሎት ቤቱ ሥራ የተበደሩትን ለመክፈል ሲመካከሩ አንድ ሰው እያንዳንዱ አባል በሳምንት አንድ ሳንቲም ይስጥ አለ። ሌላው ብዙዎች ድኾች ናቸው፣ አይችሉም ሲለው፣ ሰውየው ከሁሉ ድኾች የሆኑትን አሥራ አንድ ሰዎች ለእርሱ እንዲሰጡት፣ የጎደለባቸውንም ራሱ እንደሚሞላ ነገራቸው። ሌሎችም እንደ እርሱ ለማድረግ ተስማሙ።

ሳንቲም ሊሰበስቡ ቤት ለቤት የሄዱት ሰዎች ያልጠበቁትን አገኙ። አንዱ ከሚስቱ ጋር ሲጣላ ተገኘ፤ ሌላው ጠጥቶ ተገኘ። ዌስሊ ይህን ሲሰማ የፈለገውን እንዳገኘ ተረዳ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ አባል “ክላስ” በሚባል አሥራ ሁለት ያህል ሰው ባለው ቡድን ውስጥ ታቀፈ። የክላስ መሪው በየሳምንቱ እያንዳንዱን አባል የነፍሱ ነገር እንዴት እንደ ሆነ ይጠይቃል፤ የታመመውንና የተሰናከለውን ለአገልጋዩና ለመጋቢዎቹ ይነግራል። መሪዎቹ የሥነ መለኮት ተመራቂዎች አልነበሩም፤ ከእነርሱም ብዙ ሴቶች ነበሩ።

እዚህ ላይ ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ሰባኪው በየዓመቱ ይሄዳል፤ የክላስ መሪው ግን ይቀራል። ሰባኪው ብዙ ሕዝብ በጥቂቱ ያውቃል፤ የክላስ መሪው ጥቂት ሰው በጥልቀት ያውቃል። የሁለቱ ዕውቀት ሲገናኝ መንጋው ተጠበቀ፤ ሰባኪውም ብቻውን አልተሸከመም። ቆይቶ ክላሶቹ እየደከሙ በሄዱባቸው ቦታዎች ግን ሸክሙ ሁሉ በአንድ ቋሚ መጋቢ ትከሻ ላይ ወደቀ። ምእመናኑ ሁሉ አንድ ሰው እንዲያውቃቸው ይጠብቃሉ፤ ያን ሰው የሚያውቀው ግን ማንም የለም። ይህ ሥዕል ለብዙዎቻችን አዲስ አይደለም።

4. የራሳችን ምስክርነት

ይህ ትምህርት ከባሕር ማዶ ብቻ የመጣ አይደለም። ጣሊያን ሀገራችንን በያዘች ጊዜ የኤስ.አይ.ኤም. ሚሲዮናውያን በ1937 እ.ኤ.አ. ከወላይታ ሲወጡ የተጠመቁት አማኞች 48 ያህል ነበሩ። ሲመለሱ ያገኙት ሕዝብ ወደ 10,000 ተገመተ። ያን መንጋ ያቆዩት ሕዝባቸውን በስም የሚያውቁ የአጥቢያ ሽማግሌዎችና ወንጌላውያን ናቸው።

በደርግ ዘመንም መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1982 እ.ኤ.አ. ስትዘጋ ንብረቷ ተወረሰ፤ መሪዎቿም ታሰሩ። አባላቷ በዚያን ጊዜ ወደ 5,000 ነበሩ። በየቤቱ በጥቂት በጥቂቱ እየተሰበሰቡ፣ እህቶች በስፋት እየመሩ፣ ደርግ እስከ ወደቀ ድረስ ቁጥራቸው ከ30,000 በላይ ሆነ። በዚያ ጊዜ ሕንጻም ቢሮም የማዕረግ ስምም አልነበረም። የነበረው መተዋወቅ ነው፤ ማን ታሰረ፣ የማን ልጆች ተራቡ የሚለውን ማወቅ የሕይወት ጉዳይ ነበር።

ወሎ ደግሞ ከዚህ ጋር የሚቀራረብ የራሷ ትምህርት ቤት አላት፤ እርሱም ቅሬ ነው። በሌላው የሀገራችን ክፍል እድር የምንለውን ወሎዎች ቅሬ ይሉታል፤ በብዙ ቦታ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቅሬ ይተዳደራሉ። በቅሬ ስሙ የሌለ የለም። የታመመ ይጠየቃል፤ ለሞተ ይቆፈራል፤ ሐዘንተኛ ብቻውን አይተውም። የሐርቡ ሽማግሌዎች ከዚያ የሽኝት ቀን በኋላ ስንነጋገር አንደኛው የነገሩኝ ይህን ነበር፦ “ጎረቤቴ ሐሰን ቢታመም በዚያው ቀን እሰማለሁ። የራሳችን ወንጌላዊ ሦስት ጊዜ ታሞ አልሰማሁም።” ከዚህ የበለጠ ተግሣጽ ከየትኛውም የሥነ መለኮት መጽሐፍ አላገኘሁም።

5. እንግዲህ ምን እናድርግ?

ከላይ ካየነው ለአጥቢያዎቻችንና ለትምህርት ቤቶቻችን የሚሆኑ አራት ነጥቦችን አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ አዲስ አገልጋይ ሲመጣ ማዕረጉንና የትምህርት ደረጃውን ብቻ አናስተዋውቅ። ከየት እንደ መጣ፣ ቤተሰቡ የት እንዳለ፣ የት እንደሚያርፍ ሽማግሌዎች ይወቁ። በዚያኑ ዕለትም ከጽሐፈት ቤቱ ሠራተኛ እስከ ጥበቃው ድረስ ያሉትን ለእርሱ እናስተዋውቀው።

ሁለተኛ፣ በሦስት ወር አንድ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት የታመኑ ምእመናን ከእያንዳንዱ አገልጋይና ሠራተኛ ጋር ይቀመጡ። ደመወዙ በጊዜው ደርሶታልን? ጤናው እንዴት ነው? ዕረፍት ወስዷልን? 1ኛ ጢሞቴዎስ 5፥17-18 ለሠራተኛ ደመወዙ እንደሚገባው ሲናገር የጸሎት ርእስ አልሰጠንም፤ በበጀት የሚታይ ግዴታ ነው የሰጠን።

ሦስተኛ፣ ማወቅ ማለት ጉድለትንም ማወቅ ነው። ዕብራውያን 13፥7 የዋኖቻችንን የኑሮ ፍሬ እንድንመለከት ያዝዛል። አገልጋዩን በቅርብ የሚያውቅ ሰው ሐሜት ሲነሣ ያለ ምስክር አይቀበልም (1ኛ ጢሞ. 5፥19)፤ እውነተኛ ጥፋት ሲኖርም ሳይዘገይ ያየዋል። የማይታወቅ አገልጋይ ግን ያለ አግባብ ይታማል፤ አለዚያም ያለ አግባብ ይሸፈናል።

አራተኛ፣ እኛ የሥነ መለኮት መምህራን የልምምድ ሪፖርት ቅጻችንን እንመርምር። ተማሪው ስንት ጊዜ እንደ ሰበከ የምንጠይቅ ከሆነ፣ የት እንደሚያድርና ማን ራት እንደሚያበላውም እንጠይቅ። ከዚያ ዓመት ወዲህ እኔ የማስተምራቸው ተማሪዎች በሪፖርታቸው መጨረሻ ላይ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ይመልሳሉ፦ በአጥቢያው ካሉት ሠራተኞች የሦስቱን ስምና ሥራ ጻፍ፤ ከእያንዳንዳቸውም የተማርኸውን ግለጽ።

መደምደሚያ

ማዕረግ፣ መዋቅርና ምደባ አስፈላጊ ናቸው፤ የሜቶዲስቶች ታሪክም ይህን ያረጋግጣል። ነገር ግን ያው ታሪክ፣ ዕዳ ሊሰበስብ የሰው ደጅ ያንኳኳ ሰው ከተመደበ ሰባኪ ያላነሰ እረኛ ሊሆን እንደሚችል ያስተምረናል። ጌታችን በዮሐንስ 10 ስለ በጎች ሲናገር እረኛው በጎቹን ያውቃል፣ በጎቹም እረኛውን ያውቃሉ ይላል። ከእርሱ በታች ላሉት እረኞችም መንገዱ ሁለት አቅጣጫ ያለው ነው።

ያ ተማሪ ዛሬ በሌላ ስፍራ ያገለግላል። በቅርቡ ደውዬ ስለ አገልግሎቱ ሳይሆን ስለ ጤናው ጠየቅሁት። “ደኅና ነኝ” አለኝና ጥቂት ዝም ብሎ፣ “መምህር፣ ጋሼን ጠይቀዋቸው ያውቃሉ?” አለኝ። አልጠየቅኋቸውም ነበር። በዚያው ሳምንት ወደ ሐርቡ ደወልሁ።