ከጨጓራ ቀዶ ሕክምና በኋላ ማስመለስ፦ "ይለምደዋል" ብላችሁ አትተዉት

ሰሞኑን በውስጥ መስመር የደረሰኝን አንድ ጥያቄ ለሁላችሁም ይጠቅማል ብዬ እዚሁ ልመልሰው።

"ዶክተር፣ እህቴ ውጭ አገር ሄዳ ክብደት ለመቀነስ የጨጓራ ቀዶ ሕክምና ካደረገች ሦስት ሳምንት ሆናት። ክብደቷ እየቀነሰ ስለሆነ ደስ ብሎናል። ግን የበላችው አይረጋላትም፣ ያስመልሳታል። ለጥር ሥላሴ ደቅ ደሴት፣ ናርጋ ሥላሴ ልንወስዳት አስበናል። ምን ይመክሩናል?"

መልሴ አጭር ነው፦ ጀልባው ይቆይ፤ ዛሬውኑ ሆስፒታል ትታይ። ደቅ የጣና ትልቁ ደሴት ቢሆንም ከባሕር ዳር በጀልባ ሰዓታት ያስኬዳል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ከተነሣማ መንገዱ ይከብዳል። ሌሊት የጠናበት ሰው ቶሎ ሆስፒታል ልድረስ ቢል አይሆንለትም። ጸሎቱም ጠበሉም ከሕክምናው ጋር ይሁን እንጂ ሕክምናውን አይተካ።

ለምን እንዲህ እንዳልኩ ላስረዳ።

በብዛት የሚሠሩት ሁለት ዓይነት ናቸው። ስሊቭ የሚባለው ከጨጓራው ሦስት አራተኛውን ያህል ቆርጦ ያወጣል፤ የሚቀረው እንደ ሙዝ የቀጠነ ነው። ባይፓስ ደግሞ ከጨጓራው አናት ትንሽ ከረጢት ብቻ ያስቀርና ከአንጀት ጋር ያገናኘዋል። ለከባድ ውፍረት፣ በተለይ ስኳርና ደም ግፊት ላለበት ሰው፣ ሁለቱም ጥሩ ሕክምናዎች ናቸው። ችግሩ ብዙ ሰው ቀዶ ሕክምናው ሲያልቅ ሕክምናው ያለቀ ይመስለዋል። ሰውየው አገሩ ሲገባ ቀዶውን የሠራው ሐኪም ባሕር ማዶ ቀርቷል፤ ችግሮቹ ግን ጊዜያቸውን ጠብቀው ይመጣሉ።

1. የመጀመሪያው ወር

ከሁሉ የሚያሰጋው የተሰፋው ቦታ ማፍሰሱ ነው። የጨጓራ ፈሳሽ ወደ ሆድ ዕቃ ሲገባ ኢንፌክሽን ያስከትላል። "ትኩሳት የላትም፣ ሆዷም አላበጠም" ብላችሁ አትዘናጉ፤ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚናገረው የልብ ምት ነው። ዕረፍት ላይ ሆና ስልካችሁን ይዛችሁ አንድ ደቂቃ ቁጠሩ። ከ120 በላይ ከሆነ፣ ወይም የሆድ ሕመሙ ወደ ግራ ትከሻ ከወጣ ነገ አትበሉ።

ሁለተኛው የደም መርጋት ነው። በአውሮፕላን፣ በአውቶቡስ፣ በጀልባ ለረጅም ሰዓት መቀመጥ ያባብሰዋል። አንድ እግር ብቻ ካበጠና ካመመ፣ ወይም ድንገት ትንፋሽ ካጠረ ድንገተኛ ክፍል ነው የሚኬደው። ሦስተኛው መድማት ነው፤ ደም ማስመለስ ወይም እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ ምልክቱ ነው።

2. የማያባራ ማስመለስ

የጠያቂያችን እህት ያለችው እዚህ ላይ ነው። ቶሎ ቶሎ ስለበሉ ወይም ሳያላምጡ ስለዋጡ አልፎ አልፎ ማስመለስ ያጋጥማል። በየቀኑ ሲሆን ግን አንድም የጨጓራው መንገድ ጠብቧል፣ አንድም ሌላ ችግር አለ።

መንስኤው ምንም ይሁን ምን ሌላ አደጋ ያስከትላል። ሰውነታችን ያጠራቀመው ቫይታሚን ቢ1፣ ማለትም ታያሚን፣ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ቢያቆይ ነው። እሱ ሲያልቅ ነርቭና አንጎል ይጎዳሉ፦ እግር ይደነዝዛል፣ ሲራመዱ ያንገዳግዳል፣ ዓይን ሁለት ሁለት ያያል፣ ሰው ይቀባዥራል። ከዘገየ የማስታወስ ችሎታ እስከመጨረሻው ሊጎዳ ይችላል።

አንድ ነገር ያዙልኝ። እኛ አገር ሰው ሲደክም "ግሉኮስ ይተከልላት" እንላለን። ታያሚን ባለቀበት ሰው ላይ ግን ግሉኮስ ብቻውን ከተሰጠ የቀረችውን ጥቂቷን ይጨርሳታል። ስለዚህ የትም ጤና ተቋም ብትሄዱ "የጨጓራ ቀዶ ሕክምና አድርጋለች፣ እያስመለሳት ነው፤ ታያሚን ያስፈልጋት ይሆን?" ብላችሁ ጠይቁ። ይህች አንድ ዓረፍተ ነገር ሰው ታድናለች።

3. ከወራት በኋላ

ጣፋጭ ነገር፣ ለስላሳ መጠጥ ወይም ጠጅ ከወሰዱ በኋላ ላብ ላብ ማለት፣ የልብ መምታት፣ ማዞርና ተቅማጥ ሊመጣ ይችላል። ዳምፒንግ ይባላል፤ በባይፓስ ይበዛል። ክብደት በፍጥነት ሲቀንስ የሐሞት ጠጠር ይፈጠራል፤ በቀኝ ጎን ከላይ የሚያም ከሆነ አልትራሳውንድ ይታዘዛል። ከ3ኛው ወር ጀምሮ ፀጉር ሊረግፍ ይችላል፤ አመጋገብ ከተስተካከለ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። አረቄና ቢራም እንደ ድሮው አይደሉም፤ በትንሹ ያሰክራሉ።

ለራስ ምታት ብላችሁ አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ ከፋርማሲ አትግዙ፤ በተለይ ባይፓስ ላደረገ ሰው ቁስለት ያመጣሉ። ፓራሲታሞል ይሻላል። እርግዝናም ከ12 እስከ 18 ወር ቢቆይ ይመረጣል፤ ሴቶች ግን ክብደት ሲቀንሱ ቶሎ ሊያረግዙ ስለሚችሉ ስለ መከላከያው ቀድማችሁ ከሐኪም ጋር ተነጋገሩ።

4. ጾሙስ?

ከጥር በኋላ ዐቢይ ጾም ስለሚመጣ ይህ ጥያቄ አይቀርም። ሒሳቡን አብረን እናስላ። ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው በቀን ቢያንስ 60 ግራም ፕሮቲን ያስፈልገዋል። 100 ግራም የተቀቀለ ምስር ወደ 9 ግራም ነው ያለው። 60ውን ከምስር ብቻ ለማግኘት ከ650 ግራም በላይ መብላት ሊኖርበት ነው፤ የእሱ ጨጓራ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ወራት በአንድ ገበታ ከሁለት የቡና ስኒ ብዙም አይበልጥም።

ውኃውም እንዲሁ ነው። እስከ 9 ሰዓት ታግሶ ከዚያ በኋላ አንድ ሊትር ልጠጣ ቢል ጨጓራው አይችልም፤ ቀኑን ሙሉ ፉት ፉት እያሉ መጠጣት ግድ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ዓመት የንስሐ አባታችሁን አማክሩ፤ ሕመምተኛን ቤተ ክርስቲያናችን አታስጨንቅም። በፍስክ ወቅት እንቁላል፣ እርጎና የጣናው ቆሮሶ አሉላችሁ፤ 100 ግራም የዓሣ ሥጋ ብቻውን 20 ግራም ገደማ ፕሮቲን ይሰጣል።

ቫይታሚን ቢ12፣ አይረን፣ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ደግሞ ዕድሜ ልክ ናቸው። "አሁን ደህና ነኝ" ብሎ ማቆም ከዓመታት በኋላ ደም ማነስ፣ የእጅና እግር መደንዘዝ፣ የአጥንት መሳሳት ይዞ ይመጣል። በዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ የደም ምርመራ አድርጉ።

ደቅስ መቼ ይኬዳል?

ማስመለሱ ቆሞ፣ ምግብና ውኃ ረግቶላት፣ ሐኪሟም ሲፈቅድላት። ያኔ የቀዶውን ዓይነትና ቀን የሚገልጸውን ወረቀት በስልኳ ፎቶ አንስታ፣ መድኃኒቷንና የምትጠጣውን ውኃ ይዛ ትሂድ። ሥላሴ በሐምሌም ይነግሣሉ።

ይህን ጽሑፍ ቀዶ ሕክምናውን ላደረገ ወይም ሊያደርግ ላሰበ ወዳጃችሁ ሼር አድርጉለት። ጥያቄ ካላችሁ በኮሜንት ጻፉልኝ። ከላይ ከጠቀስኳቸው የአደጋ ምልክቶች አንዱ ካለባችሁ ግን የእኔን መልስ አትጠብቁ፤ በቀጥታ ሆስፒታል ሂዱ።

ጤና ይብዛላችሁ!