ልጅ ሲዘገይ ባልም ይመርመር

ትዳር ተመሥርቶ ዓመት፣ ሁለት ዓመት ሲያልፍና በቤቱ የሕፃን ድምፅ ሳይሰማ ሲቀር የጎረቤት ዓይን የሚያርፈው በሚስት ሆድ ላይ ነው። ጠበል የምትመላለሰው እርሷ፣ ሐኪም ዘንድ የምትሰለፈው እርሷ፣ በመጨረሻም «መካን» ተብላ የምትፈታው እርሷ ናት። ባል ግን ጤነኛና ብርቱ በመሆኑ ብቻ ከጥርጣሬ ነጻ ይሆናል። እውነቱ ከዚህ የራቀ ነው። ልጅ ካጡት ባልና ሚስት መካከል በግማሽ ያህሉ የወንዱ ችግር ለብቻው፣ ወይም ከሚስቲቱ ችግር ጋር ተደርቦ ይገኛል። የወንድነት ኃይልና ልጅ የማስወለድ ችሎታም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ኃይሉ ሙሉ በሆነ ሰው ፈሳሽ ውስጥ አንድም የዘር ሕዋስ ላይገኝ ይችላል።

ምርመራ የሚያስፈልገው ባልና ሚስት ያለ መከላከያ አንድ ዓመት አብረው ኖረው ፅንስ ሳይገኝ ሲቀር ነው፤ ሚስቲቱ 35 ዓመት ካለፋት ግን 6 ወር ይበቃል። «አብረው» የምትለዋ ቃል ትሰመርበት። ባል በግዳጅ ላይ የከረመባቸው ወራት ከዚህ አይቆጠሩም። ስንቷ የወታደር ሚስት ናት ባሏ በሌለበት ዘመን የተወቀሰችው!

የባል ምርመራ ከሚስት ምርመራ ይልቅ እጅግ ቀላል ነው። ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት ከታቀበ በኋላ፣ ለብቻው በሆነ ክፍል፣ ላቦራቶሪው በሰጠው ንጹሕ ዕቃ ፈሳሹን በገዛ እጁ ያወጣል። ይህን ማንሣት ብዙዎችን ያሳፍራል፤ ላቦራቶሪስቱ ግን ከሽንትና ከደም ምርመራ ለይቶ አያየውም። ሳሙናና ምራቅ አይነካካውም፤ ተራ ኮንዶምም ዘሩን ስለሚጎዳ አያገለግልም። አብዛኛው ዘር የሚገኘው በመጀመሪያው ጠብታ ላይ ስለሆነ፣ ከእርሱ የፈሰሰ ካለ ሳይደብቁ መናገር ይገባል። ከቤት የሚመጣ ናሙና ሳይቀዘቅዝ፣ በልብስ ሥር ተይዞ፣ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ መድረስ አለበት።

ላቦራቶሪስቱ ፈሳሹ እስኪቀጥን ጠብቆ መጠኑን ይለካል። ከዚያም በማይክሮስኮፕ ዘሩን ይቆጥራል፤ ወደፊት የሚገሰግሱትን፣ ባሉበት የሚርመሰመሱትንና ፈጽሞ የማይንቀሳቀሱትን ይለያል፤ ቅርጻቸውንም ቀለም ነክሮ ያያል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው 6ኛ እትም መመሪያ የታችኛው ልክ እንዲህ ነው፦ መጠኑ 1.4 ሚሊ ሊትር፣ በአንድ ሚሊ ሊትር 16 ሚሊዮን ዘር፣ በጠቅላላው 39 ሚሊዮን፣ ከመቶው 42 የሚንቀሳቀሱ፣ ከመቶው 4 ቅርጻቸው የተስተካከለ። የመጨረሻው ቍጥር ብዙ ሰው ያስደነግጣል፤ ከመቶ 96ቱ ቅርጸ ብልሹ ቢሆኑም ግን ሰው ልጅ ይወልዳል። ደግሞም እነዚህ ልኮች የተወሰዱት ሚስቶቻቸው በአንድ ዓመት ውስጥ ከፀነሱላቸው ወንዶች ነው፤ ከእነዚህ አባቶች ከመቶው 5ቱ ከልኩ በታች ነበሩ። ስለዚህ ከልኩ በታች የሆነ ሁሉ መካን አይደለም።

በአንድ ወረቀት ብቻም አይፈረድም። ዘር ተሠርቶ እስኪወጣ ሦስት ወር ገደማ ይፈጃል፤ ቆላ ወርዶ በወባ የነደደ ወታደር የትኩሳቱ ጠባሳ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነው። ይህን ለሐኪሙ ነግሮ ከሦስት ወር በኋላ ምርመራውን ይድገም። በወጣትነት የያዘ ጆሮ ደግፍ፣ ያልታከመ ጨብጥ፣ ትምባሆ፣ ጡንቻ ለማፈርጠም የሚወጋ የወንድ ሆርሞንም ይነገራሉ፤ መርፌው በተለይ የሰውነትን የዘር ሥራ ያስቆማል። በቆለጥ ዙሪያ ያበጠ ደም መልስ ካለ በቀዶ ጥገና ይስተካከላል።

ምንም ዘር ያልተገኘ እንደሆነ ሐኪሙ የሚጠይቀው መንገዱ ተዘግቶ ነው ወይስ ቆለጡ ማምረት ተስኖት ነው የሚለውን ነው፤ ይህም በአካል ምርመራና በደም ሆርሞን ይለያል። መንገዱ ተዘግቶ ከሆነ ከቆለጡ በመርፌ ተቀድቶ አንድ ዘር ወደ አንድ እንቍላል ይገባል፤ በዚህ ዘዴ የመጀመሪያዎቹ ፅንሶች የተገኙት በብራስልስ ሲሆን ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1992 ተገልጿል። በአገራችንም አዲስ አበባ የሚገኘው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2019 የመካንነት ሕክምና ማዕከል ከፍቷል። ወደዚያ የሚሄዱ ባልና ሚስት የባልን የምርመራ ወረቀት አስቀድመው ቢይዙ ሚስቲቱ ከብዙ አላስፈላጊ ምርመራ ትድናለች።