ባቡር የሚቆምበት ቦታ

በዚህ ዓመት በጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ ካርታ ዘርግተን ስናስተምር አንድ ተማሪ እጁን አወጣና «የእኛ ጣቢያ የት ነው የሚሠራው?» ሲል ጠየቀን። ካርታው ላይ ከላሙ ወደብ ተነሥቶ በኢሲዮሎ አድርጎ ሞያሌ የሚደርስ ሐዲድ በነጠብጣብ ተሥሏል። የላፕሴት ሥራ እ.ኤ.አ. በማርች 2012 ላሙ ላይ ሲጀመር የኬንያ፣ የኢትዮጵያና የደቡብ ሱዳን መሪዎች ተገኝተው ነበር። አስፋልቱ ደጃችን ደርሷል፤ ሐዲዱ ግን ገና ዕቅድ ነው። ኦዳ ካሉት ልጆቻችን ብዙዎቹ ባቡር በዓይናቸው አላዩም።

ጥያቄው ግን ቁም ነገር አለው፤ ባቡር ባለፈበት ሁሉ አይቆምምና።

በእንፋሎት የሚሠራው የድሮ ባቡር ውሃ ስለሚጨርስ በየመንገዱ መቆም ግድ ይሆንበት ነበር። ሐዲዱም አንድ ብቻ ስለሆነ ከፊት የሚመጣው እስኪያልፍ አንደኛው ጣቢያ ገብቶ ይጠብቃል። ትንንሾቹ ጣቢያዎች የተወለዱት ከዚህ ነው። ባቡር ከቆመ ሻይ የሚያፈላ፣ ፍራፍሬ የሚሸጥ፣ አልጋ የሚያከራይ ይመጣል። ባቡሩ በቀን ብቻ ይጓዝ በነበረበት ዘመን ከጅቡቲ አዲስ አበባ የሚሄድ መንገደኛ ድሬዳዋና አዋሽ ያድር ነበር፤ አዋሽም ከጣቢያው ጋር አደገች።

ድሬዳዋማ ራሷ የባቡር ልጅ ናት። እ.ኤ.አ. በ1897 ከጅቡቲ የተጀመረው ሐዲድ መጀመሪያ በሐረር እንዲያልፍ ታስቦ ነበር፤ ተራራውን መውጣት ብዙ ወጪ ስለሚጠይቅ ሐዲዱ በሜዳው ቀረ፣ በ1902 የደረሰበትም ቦታ ከተማ ሆነ። አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። በእኛም አገር ናይሮቢ በ1899 የባቡር ሠራተኞች ሰፈር ሆና ነው የተጀመረችው።

አዲሶቹ መስመሮች ግን ሌላ ጠባይ አላቸው። በ2016 የተመረቀው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር በኤሌክትሪክ ስለሚሄድ ውሃ አይፈልግም፤ የድሬዳዋ አዲሱ ጣቢያም እንደ ድሮው መሀል ከተማ ሳይሆን ከከተማው ውጭ ነው። በ2017 ሥራ በጀመረው የሞምባሳ–ናይሮቢ መስመር ላይ ደግሞ ፈጣኑ ባቡር ትንንሽ ከተሞችን አልፏቸው ይሄዳል፤ ሌላው፣ የካውንቲዎቹ ባቡር የሚባለው፣ ማሪያካኒ፣ ቮይ፣ ኪብዌዚና ኤማሊ እየቆመ ሰው ይጭናል። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ኪብዌዚ ሁለተኛው ባቡር ባይኖራት ሐዲዱ ለእርሷ ድምፅ ብቻ በሆነ ነበር። (በነገራችን ላይ የሁለቱ አገሮች አዲስ ሐዲድ ስፋት እኩል 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። ጎማው ይገጥማል፤ የኬንያው ግን በናፍጣ ስለሚሄድ ቢገናኙ የሚጎትተው ሞተር መቀየሩ አይቀርም።)

ለተማሪያችን መልስ ስላልነበረን ጥያቄውን ለክፍሉ ሰጠነው። አብዛኞቹ ጣቢያውን ከድንበር ኬላው አጠገብ ሣሉት። አንዲት ልጅ ግን ከሞያሌ ወደ ናይሮቢ በብዛት የሚጫነው ከብት ነው ብላ ከከብት ገበያው ጎን አደረገችው፤ ከፉርጎው አጠገብም የውሃ ገንዳ ሣለችበት።