ጠጠር የሚተፋ አስፋልት

በኩዌት ከተማ ቀለበት መንገዶች መኪና የነዳ ሰው ያንን ድምፅ ያውቀዋል። ከፊት የሚሄደው መኪና የላላ ጠጠር በጎማው አንሥቶ ይወረውራል፤ መስታወት ይሰነጠቃል። የአገሩ ሰዎች «ተጣዩር አል-ሐሳ»፣ የጠጠር መብረር፣ ይሉታል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2018 ከባድ ዝናብ ጎርፍ ሲያስከትል የመንገዶቹ ጉዳት ባሰ፤ የሕዝብ ሥራዎች ሚኒስትሩ ሑሳም አል-ሩሚም ሥልጣናቸውን ለቀቁ። በ2024 ሚኒስቴሩ መንገዶችን ለማደስ 18 ውሎች ተፈራረመ።

የተጎዳውን ንጣፍ ፍቆ በአዲስ መተካት ተገቢ ነው። የሚቆጨኝ መንገዱ ገና ጤነኛ ሳለ በስስ ሽፋን ሳይጠበቅ ያለፈው ጊዜ ነው።

በ2016 በኩዌቷ ሚትሪባ 53.9 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተመዝግቧል። እንዲህ ያለ ሙቀትና ፀሐይ ሬንጁን ያደርቀዋል፤ የደረቀ ሬንጅ ፀጉር በመሰለ መስመር ይሰነጠቃል። ዝናብ ሲመጣ ውኃው በስንጥቁ ገብቶ በሬንጁና በጠጠሩ መካከል ይሰርጋል፤ የጎማ ጫናም እየገፋ ያላቅቃቸዋል። ከመንገድ ዳር አንድ ጠጠር አንሥታችሁ ብታዩት ሬንጁ ተገፎ ታገኙታላችሁ።

ታዲያ ውኃው እንዳይገባ መንገዱ በምን ይሸፈን? ከሁሉ ርካሹ በውኃ የቀጠነ ሬንጅ መርጨት፣ ፎግ ሲል፣ ነው። የደረቀውን ገጽ ያድሳል፤ ሲበዛ ግን መንገዱን ያንሸራትታል። ሬንጅ ረጭቶ ጠጠር መበተን፣ ቺፕ ሲል፣ በእኛ አገር የገጠር መንገዶች «ሰርፌስ ትሪትመንት» ተብሎ የሚታወቀው፣ ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን በደንብ ያልተያዘው ጠጠር ይበተናል። በጠጠር በተማረረ ከተማ ፈጣን መንገድ ላይ እኔ አልመርጠውም። እንደ ሳልሚያና ፈርዋኒያ ላሉ ሰፈሮች የውስጥ መንገዶች ደቃቅ ጠጠር ከሬንጅ ጋር በስሱ የሚለሰንበት ስለሪ ሲል ይበቃል። ለቀለበት መንገዶቹ ግን ማይክሮሰርፌሲንግ ይሻላል፤ ሬንጁ በፖሊመር የጠነከረ ነው፤ በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥም መኪና ሊያሳልፍ ይችላል። የትኛውም ቢመረጥ አስቀድሞ ስንጥቁ መደፈን አለበት።

ደግሞም ከሥሩ የተቦረቦረን መንገድ ስስ ሽፋን አያድነውም። ስለዚህ ዋናው ነገር ጊዜውን መጠበቅ ነው። አሁን የሚነጠፈው አስፋልት መጀመሪያ የሚሸፈንበት ዓመት ጠጠሩ ሳይላቀቅ፣ ከዛሬው በሥራ ዕቅዱ ላይ ይጻፍ።