የመጨረሻዋ መለኪያ መቼ ነበረች?

በመስከረምና በጥቅምት መተማ ዮሐንስና ገንዳ ውኃ በሳሉግ፣ ማለትም በወቅታዊ የቀን ሠራተኛ፣ ይሞላሉ። ከበለሳ፣ ከደምቢያ፣ ከጎጃምና ከወሎ ወደ ቆላ የወረደው ወጣት፣ የደረሰው ሰሊጥ ሳይረግፍ ለማጨድ ይሽቀዳደማል። እኛ የጤና ባለሙያዎች በዚህ ወቅት ከወባና ከካላዛር ጋር ነን። የሚንቀጠቀጥና የሚቃዥ ሰው በቃሬዛ ሲመጣ ጓደኞቹ «ወባው ጭንቅላቱ ላይ ወጥቶ ነው» ይሉናል። ብዙ ጊዜ ልክ ናቸው። አንዳንዱ ግን የወባ ምርመራው ነጻ ይወጣል።

እንዲህ ያለውን በሽተኛ አልጋው አጠገብ ቆሞ ማየት ያስፈልጋል። በግራ እጁ ከብርድ ልብሱ ላይ የሌለ ነገር ይጨብጣል፣ በቀኙ ከሥሩ ይቆርጣል፣ ወደ ጎን ያስቀምጣል፣ እንደገና ይጨብጣል። ሰሊጥ እያጨደ ነው። ላቡ ይንቆረቆራል፣ የልቡ ምት ይፈጥናል። «መጠጥ ይጠጣል?» ብዬ ስጠይቅ ጓደኛው መጀመሪያ ዝም ይላል፤ ቆይቶ «ጠዋት አረቄ ሳይቀምስ ሥራ አይገባም ነበር፤ ከታመመ ወዲህ ግን ጠብታ በአፉ አልዞረም» ይለኛል።

ችግሩ ይኸው ነው። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ አብዝቶ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም፣ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ድረስ አእምሮው ሊታወክ፣ ሊያንፈራግጠው፣ ካልታከመም ሊሞት ይችላል። ሕክምናው ውድ አይደለም፦ ዲያዜፓም፣ ከግሉኮስ በፊት የሚሰጥ ቫይታሚን ቢ1፣ ፈሳሽ፣ ጸጥ ያለ ክፍል፣ ከአጠገቡ የማይለይ አስታማሚ። ካላዛርም ካለበት ነገሩ ይከብዳል፤ ለ17 ቀን ከሚወጉት መርፌዎች አንዱ ልብንና ቆሽትን ሊጎዳ ስለሚችል አረቄ ሲደመርበት አደጋው ይብሳል።

ደግነቱ፣ በጊዜ የደረሰ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በቀናት ውስጥ ወደ ልቡ ይመለሳል። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። «ሁለተኛ አልነካትም» ይለኛል፤ ከልቡ ነው። ሲወጣ ግን የሥራ ቦታው በሌላ ሳሉግ ተይዟል። የተጠራቀመ ሒሳቡን በጥሬ ብር ከተማ ውስጥ ይቀበላል፤ ርካሽ ማደሪያ የሚያገኘውም አረቄ የሚሸጥበት ቤት ነው።

በጉልበቱ የሚኖር ሰው ከሱስ እንዴት እንደሚወጣ ሳስብ የካናዳው የበረዶ ሆኪ ተጫዋች ጆርዲን ቱቱ ትዝ ይለኛል። በሰሜን አሜሪካው ታላቅ ሊግ ለመጫወት ከኢኑይት ሕዝብ የመጀመሪያው ነው። ወንድሙ በ2002 እ.ኤ.አ. ራሱን አጥፍቷል፤ እሱንም መጠጥ ለዓመታት ይዞት ኖሯል። በ2010 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሊጉና የተጫዋቾቹ ማኅበር በጋራ ወዳቋቋሙት የሱስ ሕክምና ፕሮግራም ገባ። ቡድኑ ናሽቪል ፕሬዳተርስ አላባረረውም፤ በዚያው የውድድር ዘመን ተመልሶ ተሰለፈ፤ ከዚያም መጠጥ ትቶ ለዓመታት ተጫወተ። ያው ፕሮግራም ሁሉንም አላተረፈም። ዴሪክ ቡጋርድ የተባለው ሌላ ተጫዋች በግንቦት 2011 እ.ኤ.አ. በ28 ዓመቱ በአልኮልና በሕመም ማስታገሻ ክኒን ሞቷል። የሥራ ዋስትና ብቻውን ሰው አያድንም፤ ግን ከሕክምና የወጣ ሰው የሚመለስበት ሥራ ከሌለው እኛ አልጋ ላይ የምንለፋው ልፋት መና ሲቀር አይቻለሁ።

ስለዚህ የመተማና የቋራ የእርሻ ኢንቨስተሮችን እለምናለሁ፦ ታሞ የሄደን ሳሉግ ቦታውን አቆዩለት፤ ሒሳቡንም እሱ ከፈቀደ በባንክ ወይም በቤተሰቡ በኩል ስጡት። በየቀኑ የምትጠጡ ወንድሞች፣ ለማቆም ስትወስኑ በረሃ ላይ ብቻችሁን በአንድ ጊዜ አትቁረጡ፤ መጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያ ኑ። በሽተኛ የምታመጡልንም ትኩሳቱን ብቻ አትንገሩን፤ መጨረሻ የጠጣው መቼ እንደሆነም ሳታፍሩ ንገሩን።