ሁለት ግራፊክስ ካርድ፣ አንድ ፕሮሰሰር እና የቆላ አየር

ፕሮሰሰር የሚወስደው ኤሌክትሪክ በሙሉ ማለት ይቻላል ወደ ሙቀት ይለወጣል። የኤሌክትሪክ ሞተር ከወሰደው ኃይል አብዛኛውን ለእንቅስቃሴ ያውላል፤ ፕሮሰሰር ግን 100 ዋት ከወሰደ 100 ዋት ሙቀት ያወጣል። ሙቀቱ የሚመነጨው ደግሞ እጅግ ጠባብ ከሆነ ቦታ ነው። ኤኤምዲ እ.ኤ.አ. በ2020 ለገበያ ባቀረበው ራይዘን 7 5800ኤክስ ውስጥ ስምንቱን ኮሮች የያዘው የሲሊኮን ቁራጭ ስፋቱ 80 ካሬ ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ሲሆን፣ ፕሮሰሰሩ በሙሉ አቅሙ ሲሠራ እስከ 142 ዋት ይወስዳል። ይህ ሙቀት ወዲያው ወዲያው ካልወጣ ቺፑ በሰከንዶች ውስጥ ከሚችለው በላይ ይግላል።

ፕሮሰሰሩ ባለበት ኬዝ ውስጥ ሁለት ግራፊክስ ካርዶች ሲገቡ ነገሩ ይወሳሰባል። እያንዳንዱ ካርድ ከፕሮሰሰሩ የሚስተካከል ወይም የሚበልጥ ሙቀት ያወጣል፤ ያንንም የሚለቀው ለፕሮሰሰሩ ማቀዝቀዣ በሚደርሰው አየር ላይ ነው። ከነጌሌ ቦረና ወደ ዶሎ አዶ በሚወስደው መንገድ ላይ እንደምትገኘው ፊልቱ ባሉ የቆላ ከተሞች ደግሞ አየሩ ወደ ኬዙ ከመግባቱ በፊትም የሞቀ ነው።

ሁለት ካርድ ለምን ያስፈልጋል?

ሁለት ካርድ አጣምሮ ማሠራት የተለመደው በጌም ነው። ስሪዲኤፍኤክስ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1998 ሁለት ቩዱ 2 ካርዶች አንድን ምስል ተካፍለው እንዲሠሩ አደረገ። ኢንቪዲያ በ2004፣ ኤቲአይ ደግሞ በ2005 የየራሳቸውን ዘዴ ይዘው መጡ። በጌም በኩል ያለው ጥቅም እየቀነሰ በመሄዱ ኢንቪዲያ እ.ኤ.አ. በ2022 ማውጣት ከጀመራቸው የአርቲኤክስ 40 ተከታታይ ካርዶች ላይ የማጣመሪያውን ማገናኛ አንስቶታል።

ለሥራ ግን ሁለት ካርድ አሁንም ይፈለጋል። የቤት ዲዛይን በባለ ሦስት አውታር ምስል ሬንደር ሲደረግ ወይም የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴል ሲሠለጥን፣ ሶፍትዌሩ ሥራውን ያለ ማጣመሪያ ለሁለቱ ካርዶች ማከፋፈል ይችላል።  እንዲህ ያለው ሥራ ከጌም የሚለየው ፋታ ስለሌለው ነው። ፕሮሰሰሩም ካርዶቹም ለሰዓታት ሳያቋርጡ ስለሚሠሩ፣ ለአሥር ደቂቃ የበቃ ማቀዝቀዣ ለአራት ሰዓት ላይበቃ ይችላል።

ሙቀቱ የሚወጣበት መንገድ

ከቺፑ የተነሣው ሙቀት በመጀመሪያ ወደ ፕሮሰሰሩ የብረት ክዳን፣ ከዚያ በቴርማል ፔስት በኩል ወደ ሄትሲንኩ (የብረት ማቀዝቀዣው) የመዳብ መሠረት ይተላለፋል። ሁለት ብረቶች ምንም ያህል ቢለሰልሱ በመካከላቸው ለዓይን የማይታዩ ክፍተቶች ይቀራሉ። ክፍተቱን የሚሞላው አየር ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙ በሜትርና በዲግሪ 0.026 ዋት ያህል ብቻ ሲሆን የመዳብ 400 ገደማ ነው። የቴርማል ፔስት ሥራ አየሩን አስወጥቶ በቦታው መተካት ነው። ፔስት ራሱ ከመዳብ ጋር ሲነጻጸር ደካማ አስተላላፊ በመሆኑ በስሱ ይቀባል፤ በመሐል የሚደረግ የአንዲት ሽንብራ ፍሬ ያህል ጠብታ ለአብዛኛው ፕሮሰሰር ይበቃል።

ከመሠረቱ ወደ ላይ ሙቀቱን የሚያደርሱት የመዳብ ቱቦዎች ናቸው። በእያንዳንዱ ቱቦ ውስጥ በዝቅተኛ ግፊት የታሸገ ጥቂት ውኃ አለ። ውኃው በሞቀው ጫፍ ይተናል፣ እንፋሎቱ በቀዘቀዘው ጫፍ ተመልሶ ውኃ ይሆናል፣ ከዚያም የቱቦው የውስጥ ሽፋን ስቦ ወደ መነሻው ይመልሰዋል። ዘዴው እ.ኤ.አ. በ1963 ጆርጅ ግሮቨር በሎስ አላሞስ ቤተ ሙከራ ካሳየው ወዲህ ከጠፈር መንኮራኩር እስከ ላፕቶፕ ድረስ ሥራ ላይ ውሏል። በመጨረሻ ሙቀቱ ወደ ስስ የአሉሚኒየም ቅጠሎች ይሰራጭና ፋኑ በሚነፋው አየር ይወሰዳል።

የፕሮሰሰሩ ሙቀት እንዴት ይሰላል?

በሶፍትዌር ላይ የሚነበበው የፕሮሰሰር ሙቀት የሦስት ነገሮች ድምር ነው፦ የክፍሉ ሙቀት፣ አየሩ ኬዝ ውስጥ ከገባ በኋላ የሚጨምረው ሙቀት፣ እና ቺፑ ከኬዙ አየር በላይ የሚሞቅበት መጠን።

142 ዋት የሚወስደው ፕሮሰሰርና እያንዳንዳቸው 170 ዋት የሚወስዱ ሁለት አርቲኤክስ 3060 ካርዶች ያሉት ኮምፒውተር፣ ማዘርቦርዱና ፓወር ሰፕላዩ ሲታከሉ ወደ 550 ዋት ሙቀት ያወጣል። በጂላል፣ ማለትም ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ባለው ደረቅ ወቅት፣ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ክፍል ከሰዓት በኋላ 34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢደርስ፣ በኬዙ ውስጥ አየሩ በ10 ዲግሪ ቢሞቅ፣ ማቀዝቀዣውም ለእያንዳንዱ ዋት 0.3 ዲግሪ የሚያስጨምር ቢሆን፣ ቺፑ ከኬዙ አየር በላይ ወደ 43 ዲግሪ ይሞቃል። 34፣ 10 እና 43 ሲደመሩ 87 ይመጣል። የዚህ ፕሮሰሰር ጣሪያ 90 ዲግሪ ነው።

የኬዙ አየር መውጫ ቢታፈንና በውስጡ የሚጨመረው ሙቀት ከ10 ወደ 20 ዲግሪ ከፍ ቢል ድምሩ 97 ይሆናል። ፕሮሰሰሩ ግን እዚያ እስኪደርስ አይጠብቅም፤ ጣሪያውን ሲነካ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ብዙ ተጠቃሚ ኮምፒውተሩ አረጀ ብሎ የሚያማርረው በዚህ ጊዜ ነው። ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር በትራንዚስተሮቹ ውስጥ ያለ ሥራ ሾልኮ የሚያልፈው ኤሌክትሪክም ስለሚጨምር፣ የጋለ ቺፕ ለተመሳሳይ ሥራ ተጨማሪ ኃይል ይበላል።

ፊልቱ እና አዲስ አበባ

ያው ኮምፒውተር 21 ዲግሪ በሆነ የአዲስ አበባ ክፍል ውስጥ ቢቀመጥ ስሌቱ ወደ 74 ዲግሪ ይወርዳል። የክፍሉ አየር በአንድ ዲግሪ ሲሞቅ ፕሮሰሰሩም በዚያው ልክ ስለሚሞቅ፣ በደጋ ያለ ችግር የሚሠራ ማሽን ቆላ ሲወርድ ጣሪያውን ሊነካ ይችላል።

የአየሩ ክብደት ግን ለቆላው ያደላል። ሙቀት ተሸክሞ የሚወጣው የአየሩ ክብደት እንጂ ይዘቱ አይደለም። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ፣ በ20 ዲግሪ፣ አንድ ሜትር ኩብ አየር ወደ 0.9 ኪሎ ግራም ይመዝናል። በ1,200 ሜትር ከፍታና በ33 ዲግሪ ሙቀት ላይ ደግሞ ክብደቱ ወደ 1 ኪሎ ግራም ነው። ስለዚህ 550 ዋትን በ10 ዲግሪ ጭማሪ ብቻ ለማስወጣት አዲስ አበባ ላይ በደቂቃ 3.6 ሜትር ኩብ አየር ሲያስፈልግ፣ በ1,200 ሜትር ቆላ 3.3 ይበቃል። ልዩነቱ ጠቃሚ ቢሆንም የ13 ዲግሪውን የክፍል ሙቀት ልዩነት አያካክስም።

ሁለተኛው ካርድ የሚያመጣው ጣጣ

ግራፊክስ ካርዶች በማቀዝቀዣቸው ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው በአንድ ክብ ፋን አየሩን በካርዱ ርዝመት ገፍቶ ከኬዙ ጀርባ ወደ ውጭ ያስወጣዋል። ሁለተኛውና የተለመደው ሁለት ወይም ሦስት ፋኖች ያሉት ሲሆን ትኩሱን አየር እዚያው ኬዝ ውስጥ ይበትነዋል። እነዚህ ክፍት ካርዶች ሁለት ሆነው ሲደራረቡ የላይኛው የታችኛውን ትኩስ አየር ይስባል፤ ከሁለቱ የወጣው ደግሞ ከበላያቸው ወዳለው የፕሮሰሰር ማቀዝቀዣ ይወጣል። ለዚህ ነው ፕሮሰሰሩ ብዙም ሥራ ሳይኖረው ካርዶቹ ብቻ ሬንደር ሲያደርጉ ሙቀቱ የሚያሻቅበው።

ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለመለየት ቀላል ፈተና አለ። ኮምፒውተሩ በሙሉ ሥራ ላይ ለግማሽ ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላ የፕሮሰሰሩ ሙቀት እንደ ኤችደብልዩ ሞኒተር ባለ ሶፍትዌር ይመዘገባል። ከዚያ የኬዙ የጎን ክዳን ተከፍቶ ሥራው ይቀጥላል። ሙቀቱ በ8 ወይም በ10 ዲግሪ ከወረደ ችግሩ የኬዙ አየር ነው። ከሁለት ወይም ከሦስት ዲግሪ በላይ ካልወረደ ግን የሚመረመረው ማቀዝቀዣው ወይም ፔስቱ ነው። ክዳኑን ከፍቶ መተው ግን መፍትሔ አይሆንም፤ አቧራ እንደ ልብ ይገባል፣ የፋኖቹም የአየር መስመር ይበላሻል።

አየሩን ማስተካከል

ማዘርቦርዱ የሚፈቅድ ከሆነ በካርዶቹ መካከል ቢያንስ የአንድ ካርድ ክፍተት ይተዋል። አንዱ ካርድ አየር ወደ ውጭ የሚገፋ ዓይነት ከሆነ ከላይ፣ ከፕሮሰሰሩ ጎን ማድረጉ ይመረጣል።

ባለ 120 ሚሊሜትር ተራ ፋን ምንም ሳይከለክለው በደቂቃ 1.7 ሜትር ኩብ ያህል አየር ይነፋል። ወንፊትና ፍርግርግ ሲኖርበት የሚያስገባው ከዚያ ያነሰ ነው። 3.3 ሜትር ኩብ ለማንቀሳቀስ ከፊት ሦስት የሚያስገቡ፣ ከኋላና ከላይ ደግሞ ሁለት የሚያስወጡ ፋኖች ተገቢ ናቸው። የሚገባው አየር ከሚወጣው ሲበልጥ ኬዙ ውስጥ ያለው ግፊት ስለሚጨምር አየሩ በየቀዳዳው ወደ ውጭ ይወጣል፤ አቧራም በወንፊቱ በኩል ካልሆነ አይገባም።

በውኃ የሚሠራ ማቀዝቀዣ ሙቀቱን ከፕሮሰሰሩ አርቆ ይወስዳል እንጂ ከክፍሉ አየር በታች አያቀዘቅዝም። ራዲያተሩ ከላይ ሲታሰር የሚያገኘው በካርዶቹ የሞቀ አየር ነው። ከፊት ሲታሰር የክፍሉን አየር ስለሚያገኝ ፕሮሰሰሩ ይጠቀማል፤ ካርዶቹ ግን የሞቀ አየር ይደርሳቸዋል። ፓምፑ ቢበላሽ ዕቃው በሙሉ ይቀየራል። መለዋወጫ በቅርብ በማይገኝበት ከተማ ፋኑ ብቻውን ሊቀየር የሚችል ትልቅ ሄትሲንክ የተሻለ ምርጫ ነው።

አቧራና ፔስት

በደረቁ ወቅት የሚነሣው አቧራ በሄትሲንኩ ቅጠሎች መካከል ተጠቅጥቆ አየር ይከለክላል። የፊት ወንፊት በጂላል በየሳምንቱ ቢራገፍ፣ የኬዙ ውስጥ ደግሞ በየወሩ በብሎወር ቢጸዳ ተገቢ ነው። ኮምፒውተሩ ከመብራት ተነቅሎ፣ ፋኖቹ እንዳይሽከረከሩ በጣት ተይዘው ይነፋሉ፤ ፋን በኃይል ሲሽከረከር ኩሽኔታው ሊጎዳና ኤሌክትሪክ ወደ ማዘርቦርዱ ሊመልስ ይችላል። እርጥብ ጨርቅ አይነካውም። ፔስቱ ሲደርቅ ወይም ማቀዝቀዣው በተነሣ ቁጥር አሮጌው በአልኮል ተጠርጎ አዲስ ይቀባል።

ዋቱን መቀነስ

ቺፕ የሚወስደው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር በቀጥታ፣ ከቮልቴጁ ጋር ደግሞ በካሬ ያድጋል። ፍጥነቱም ቮልቴጁም በ10 በመቶ ቢቀነሱ ኃይሉ በ27 በመቶ ይወርዳል። ፋብሪካዎች ለመጨረሻዋ ጥቂት ፍጥነት ሲሉ ቮልቴጁን ከፍ አድርገው ስለሚልኩ፣ በሙቀት በኩል ትልቅ ትርፍ የሚገኘው እዚህ ላይ ነው።

የምሳሌው ፕሮሰሰር በባዮስ በኩል ከ142 ወደ 88 ዋት ቢገደብና እያንዳንዱ ካርድ በሶፍትዌር ወደ 128 ዋት ቢወርድ፣ የኮምፒውተሩ ጠቅላላ ሙቀት ከ550 ወደ 410 ዋት ገደማ ይቀንሳል። በዚያው 34 ዲግሪ ክፍል ውስጥ የኬዙ ጭማሪ ወደ 7.5፣ የቺፑ ደግሞ ወደ 26 ዲግሪ ይወርዳል። ድምሩ ከ87 ወደ 68 ገደማ ዝቅ ይላል ማለት ነው። ሥራው ጥቂት ቢዘገይም የሚጎድለው ፍጥነት ከሚቀንሰው ኃይል ያነሰ ነው፤ የሚወጣ ገንዘብም የለም። በሶላር ለሚሠራም ቁጠባ አለው። 12 ቮልት 200 አምፒር ሰዓት ያለው የሊድ አሲድ ባትሪ ከግማሽ በታች እንዳይወርድ ቢፈለግ 1.2 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሰጣል። የኢንቨርተሩ ብክነት ሳይታሰብ፣ ለ550 ዋት ሁለት ሰዓት፣ ለ410 ዋት ደግሞ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው።

ክፍሉና ሰዓቱ

ከኬዙ የወጣው ሙቀት ክፍሉ ውስጥ ከቀረ ተመልሶ ይገባል። የኬዙ ጀርባ ወደ ግድግዳ ሳይጠጋ ወደ በር ወይም ወደ መስኮት እንዲዞር ይደረጋል። ኮርኒስ ያለው ክፍል የቆርቆሮውን ግለት ይቀንሳል። አየሩ ደረቅ በሆነበት ጂላል ውኃ እያተነነ የሚያቀዘቅዝ ማራገቢያ ክፍሉን በሚገባ ያቀዘቅዛል፤ አየሩ በሚረጥብበት በዝናብ ወቅት ግን ጥቅሙ ይቀንሳል። ረጅም ሬንደር ደግሞ ከቀኑ 9 ሰዓት ይልቅ ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ ንጋት ቢያዝ በቀዝቃዛ አየር ይሠራል።

ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው። በመጀመሪያ ዋቱ ይገደባል፣ አቧራው ይጸዳል፣ ካርዶቹ ይራራቃሉ፤ ከዚያ ፋኖች ይጨመራሉ። ውድ ማቀዝቀዣ የሚገዛው እነዚህ ሁሉ ተሞክረው የክዳኑ ፈተና ጥፋቱ የማቀዝቀዣው መሆኑን ሲያሳይ ብቻ ነው።