የጨቅላ ሕፃን ሐራራና ሁለቱ ተጨማሪ መድኃኒቶች

በእኛ በሐዋሳ ቡና ሳይፈላ ረፋዱ ካለፈ እናቴ ራስዋን በሻሽ ጥፍር አድርጋ አስራ «ሐራራዬ ተነሣ» ትላለች። ዕድሜ ለሲዳማ ቡና፥ አንድ ስኒ ስትጠጣ ይተዋታል። ይህን ማንሣቴ እጅግ ስለ ከፋ ሌላ ሐራራ ለማስረዳት ስለሚመቸኝ ነው፤ ይኸውም የጨቅላ ሕፃን ሐራራ ነው።

እናት በእርግዝናዋ ወራት ሞርፊን፥ ሄሮይን ወይም ሜታዶን ዘወትር ስትወስድ፥ መድኃኒቱ በእንግዴ ልጁ በኩል አልፎ ወደ ፅንሱ ይደርሳል። እትብቱ በተቆረጠ ጊዜ ግን የለመደው ነገር በድንገት ይቋረጥበታል። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ በሦስት ቀን ውስጥ ይንቀጠቀጣል፥ በቀጭን ድምፅ ያለማቋረጥ ያለቅሳል፥ ጡት መጥባት ይሳነዋል፥ ያስቀምጠዋል። (ሕፃኑን «ሱሰኛ» ማለት ግን ስሕተት ነው፤ እርሱ ምን መርጦ!)

ሐኪሞች አስቀድመው ጥቂት ሞርፊን ይሰጡትና ቀስ በቀስ ይቀንሱለታል። ይህ ካልበቃ ሁለተኛ መድኃኒት ይጨመራል። አንደኛው በአገራችን ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፌኖባርቢታል ሲሆን፥ ሌላው ለደም ግፊት የሚታዘዘው ክሎኒዲን ነው።

የትኛው ይበልጣል? በ2009 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በወጣው የ80 ሕፃናት ጥናት፥ ክሎኒዲን የተጨመረላቸው በ11 ቀን ግድም፥ ያልተጨመረላቸው በ15 ቀን ግድም ሕክምናቸውን ጨርሰዋል። በ2013 እ.ኤ.አ. ሁለቱ መድኃኒቶች በ68 ሕፃናት ፊት ለፊት ሲነጻጸሩ ግን፥ ፌኖባርቢታል የወሰዱት ሞርፊኑን በ12 ቀን ግድም ሲተዉ፥ ክሎኒዲን የወሰዱት ወደ 20 ቀን ፈጀባቸው።

እዚህ ስደርስ «ፌኖባርቢታል አሸነፈ» ብዬ እርሳሴን አስቀምጬ ነበር። ለካ የተቆጠረው የሆስፒታሉ ቀን ብቻ ኖሯል! እነዚያ ሕፃናት ፌኖባርቢታሉን ይዘው ወደ ቤት ገብተው በአማካይ አራት ወር ግድም ወስደውታል። መድኃኒቱ ያፈዛል፤ በሚያድግ አንጎል ላይ ጉዳት እንዳያመጣም ሐኪሞች ይሠጋሉ። ክሎኒዲንም ያለ ነቀፋ አይደለም፤ የደም ግፊትንና የልብ ትርታን ዝቅ ስለሚያደርግ ጥብቅ ክትትል ይሻል፥ በድንገትም አይቋረጥም። እኔ ግን የቤቱን ወራት ጨምሬ ስቆጥር ወደ ክሎኒዲን አደላለሁ።

ከሁሉ ይልቅ የገረመኝ በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣው ጥናት ነው። በ26 የአሜሪካ ሆስፒታሎች፥ በ1305 ሕፃናት ላይ የተደረገ ነው። ሕፃኑ ይጠባል ወይ፥ ይተኛል ወይ፥ ሲያባብሉት ዝም ይላል ወይ እያሉ በመመልከት፥ አስቀድሞ በእቅፍና በጸጥታ ሲንከባከቡት፥ ከሆስፒታል ለመውጣት የሚበቃበት ጊዜ ከ14.9 ቀን ወደ 8.2 ቀን ወረደ። መድኃኒት የተሰጣቸውም ከመቶ 52 የነበሩት ወደ 19.5 ዝቅ አሉ። ሁለተኛው መድኃኒት ቀርቶ፥ የመጀመሪያውንም ያልፈለጉ ብዙ ነበሩ ማለት ነው።